ዓይንን የሚታደግ፣ ያለ ክትትል ግን የሚያጨልም መርፌ

አቃቂ፦ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው ነባሩ ጎዳና አቃቂን ሲያቋርጥ በበጋ ወራት አቧራና ጭስ ይዞ ነው። የከባድ ተሽከርካሪው ጭስ፣ የፋብሪካው ብናኝ፣ በወንዙ ዳር ካለው የአትክልት ማሳ የሚነሣው አፈር፣ በአውድማ ላይ ነፋስ የሚበትነው እብቅ፣ ሁሉም በመጨረሻ የሚያርፈው በሰው ዓይን ላይ ነው። ዓይኑ የቀላበትና የቆረቆረው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሐኪም ሳይሆን በቅርብ ወዳለው መድኃኒት ቤት ነው። «ያንኑ የበፊቱን ጠብታ ስጡኝ» ይላል፤ ይሰጠዋል። ዓይኑም በሁለት በሦስት ቀን ይነጣል።

እንዲህ ዓይነቱን ፈጣን እፎይታ ከሚያመጡት መድኃኒቶች አንዱ ስቴሮይድ ይባላል። ጠብታው ሳይበቃ ሲቀር፣ ወይም የተቆጣው የዓይን ክፍል ጠብታ የማይደርስበት ጥልቅ ስፍራ ሲሆን፣ የዓይን ሐኪሞች ይህንኑ መድኃኒት በመርፌ ይሰጣሉ። መርፌው ብዙ ዓይኖችን ከመጥፋት አድኗል። ያለ በቂ ምርመራና ያለ ክትትል ሲሰጥ ግን ብርሃን የሚነሣ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። የስቴሮይድ ነገር የሚለየው፣ በሽታውን የሚደብቀው ራሱ መድኃኒቱ ሊሆን መቻሉ ነው። ሕመሙ ጠፋ ማለት ዓይኑ ዳነ ማለት አይደለም። ይህ ትንታኔ የሚያተኩረው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

መርፌው ምንድን ነው? የትስ ይሰጣል?

ስቴሮይድ ሲባል እዚህ ላይ የሚታሰበው፣ ሰውነታችን በኩላሊት ራስጌ ካሉ ትንንሽ ዕጢዎች ከሚያመነጨው ሆርሞን ጋር የሚመሳሰል መድኃኒት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1948 ኮርቲዞን የተባለውን ዓይነት መገጣጠሚያቸው ለተቆጣ ሕሙማን ሰጥተው አስደናቂ ለውጥ አዩ። ሄንች በ1950 ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴዎስ ራይክስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ወደ ዓይን ሕክምናም ገባ።

ሐኪሞች «ብግነት» የሚሉት የዓይን መቆጣት፣ ሰውነት ጠላት መጣብኝ ብሎ የሚያካሂደው መከላከል ነው። መከላከሉ ሲበዛ ግን የራስን ዓይን ይጎዳል። በዓይን ውስጠኛ ክፍል የሚነሣው ብግነት፣ በሕክምና ስሙ ዩቪያይትስ፣ የማየት ኃይላችን የተሰበሰበበትን የሬቲና መካከለኛ ክፍል በፈሳሽ ያሳብጣል። ካልታከመ ዓይንን ያጠፋል። ስለዚህ መርፌውን በመፍራት ብቻ ሕክምናን መሸሽም ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

መርፌው የሚሰጥባቸው ስፍራዎች ይለያያሉ። አንዱ ከዓይን ኳስ ውጭ፣ በዙሪያው ባለው ስስ ሽፋን ሥር የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው በላይኛው የዓይን ቆብ ውስጠኛ ገጽ ሥር የሚሰጠው ሲሆን፣ ይህም ጠብታ አልበግር ባለው የሕፃናት የዓይን አለርጂ ላይ ይውላል። ሦስተኛው በቀጥታ ወደ ዓይን ኳስ ውስጥ የሚገባው ነው። ከመድኃኒቶቹ መካከል በብዛት የሚታወቁት ትራያምሲኖሎንና ዴክሳሜታሶን ናቸው። ዴክሳሜታሶን በዓይን ውስጥ ተቀምጦ ለወራት ቀስ በቀስ በሚሟሟ ትንሽ ዘንግ መልክም ይሠራል።

የስፍራው ምርጫ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመ «ፖይንት» የተባለ ጥናት በዩቪያይትስ ምክንያት ሬቲናቸው ያበጠባቸውን 192 ታካሚዎች በሦስት ከፍሎ አነጻጽሮ ነበር። ከስምንት ሳምንት በኋላ የሬቲናው ውፍረት ከዓይን ኳስ ውጭ በተወጉት ላይ በ23 በመቶ፣ ትራያምሲኖሎን ወደ ዓይን ውስጥ በገባላቸው ላይ በ39 በመቶ፣ የዴክሳሜታሶን ዘንግ በተደረገላቸው ላይ በ46 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ወደ ውስጥ የሚገባው የተሻለ ይሠራል ማለት ነው። ነገር ግን የዓይን ግፊት የመጨመር ዕድሉም በእነዚህ ላይ ከፍ ያለ ነበር። ኃይለኛ መድኃኒት ጠንካራ ክትትል ይፈልጋል።

ድምፅ የሌለው ጉዳት

ዓይናችን በውስጡ የሚመነጭና የሚወጣ ንጹሕ ፈሳሽ አለው። የሚመነጨውና የሚወጣው ሲመጣጠን ግፊቱ ጤናማ ይሆናል፤ በመለኪያ ሲታይም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ስቴሮይድ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የዚህን ፈሳሽ መውጫ ወንፊት ያጠብባል። የመስኖ ቦይ በደለል ሲደፈን ውኃው ወደ ኋላ እንደሚያብጥ ሁሉ፣ የዓይን ግፊትም ይጨምራል። ከፍ ያለው ግፊት ምስልን ከዓይን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይገድላል። ይህ ግላኮማ ነው።

ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ስቴሮይድ ጠብታ ለሳምንታት ሲጠቀሙ ከሦስት ሰዎች የአንዱ ያህል ግፊት በመጠኑ ይጨምራል። ከሃያ ሰዎች የአንዱ ያህል ደግሞ በከፍተኛ ደረጃ ይጨምራል። ግላኮማ ያለባቸው፣ በቤተሰባቸው ግላኮማ ያለባቸውና ሕፃናት ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። አስቸጋሪው ነገር፣ ይህ የግፊት ጭማሪ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ዓይንንም አያቀላም። ጥፋቱ ከእይታ ዳርቻ ስለሚጀምር ሰውየው ፊት ለፊት እያየ ጎኑን እየተነጠቀ እንደሆነ አያውቅም። ሲያውቀው ነርቩ ሞቷል፤ የሞተ ነርቭ ደግሞ አይመለስም።

ስቴሮይድ የሚያመጣው ሌላው ችግር የዓይን ሞራ ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፤ ብርሃንም ይመለሳል። ግላኮማ የወሰደውን ግን ማንም ቀዶ ሐኪም አይመልሰውም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ ከመርፌ በኋላ የግፊት ልኬት ለምን እንደማይታለፍ በቂ ማስረጃ ነው።

በጠብታና በመርፌ መካከልም አንድ ሊታወስ የሚገባ ልዩነት አለ። ጠብታ ግፊት ሲጨምር ይቆማል። የተወጋ መድኃኒት ግን በቀላሉ አይወጣም፤ እንደ ዓይነቱ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይሠራል። መርፌው ከተሰጠ በኋላ የሚቀረው መከላከያ መከታተልና ግፊቱ ከጨመረ ቶሎ ማከም ነው።

ከመርፌው በፊት መንስኤው

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ ከመውጋት በፊት መንስኤን ማወቅ ይቀድማል። የቀላ ዓይን ሁሉ አንድ በሽታ የለውም። ስቴሮይድ ሰውነት ከተሕዋስያን ጋር የሚያደርገውን ትግል ያዳክማል። ስለዚህ ብግነቱ የመጣው ከተሕዋስያን ከሆነና ያ ተሕዋስ በራሱ መድኃኒት ካልተያዘ፣ ስቴሮይዱ ለጠላት በር ይከፍታል።

ይህ በተለይ አርሶ አደሩን ይመለከታል። በአጨዳ ወይም በውቂያ ጊዜ ገለባ፣ እሾህ ወይም የእህል ጭራ ዓይንን ሲቧጭር የፈንገስ ቁስል ሊከተል ይችላል። ቁስሉ ያለበት ዓይን ስቴሮይድ ሲጨመርበት መጀመሪያ ቅላቱ ቀንሶ የተሻለው ይመስላል፤ ፈንገሱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይሰፋል። ሄርፒስ የተባለው ቫይረስ በዓይን መስታወት ላይ የሚያደርሰው ቁስልም እንዲሁ በስቴሮይድ ይባባሳል። በዓይን ጥልቅ ክፍል ደግሞ ቲቢ፣ ቂጥኝና ከድመት ዐይነ ምድር ወይም ካልበሰለ ሥጋ የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ ብግነት ያስነሣሉ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች ተርታ ያስቀመጣት አገር ናት። በዚህ አገር ያለ ሐኪም ከመርፌ በፊት ስለ ሳል፣ ስለ ክብደት መቀነስና ስለ ቀድሞ ሕክምና መጠየቁ፣ የደምና የደረት ምርመራ ማዘዙ፣ ታካሚን ማጉላላት አይደለም። የዓይን ጥንቃቄ ነው።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም ለሐኪሙ መናገር አለበት። መርፌው በዓይን አካባቢ ቢሰጥም የተወሰነው መድኃኒት ወደ ደም ገብቶ ስኳርን ለቀናት ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ብልቃጡና ገበያው

ሌላው የአደጋ መንገድ የመድኃኒቱ ንጽሕና ነው። በዓለም ላይ በስፋት የሚገኘው የትራያምሲኖሎን ብልቃጥ ለመገጣጠሚያና ለጡንቻ የተሠራ ነው። ኬናሎግ በሚል የንግድ ስም የሚሸጠው ዓይነት መግለጫው ላይ ወደ ዓይን ውስጥ እንዳይሰጥ ተጽፎበታል። ለዓይን ውስጥ ተብሎ የተዘጋጀ ትራያምሲኖሎን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ለዓይን የተዘጋጀው በማይገኝበት ወይም በሚወደድበት አገር ሐኪሞች በሌላው ለመጠቀም መገደዳቸው የታወቀ ነው። ይህ በሚሆንበት ጊዜ የሐኪሙ ውሳኔና የታካሚው ፈቃድ በግልጽ መመዝገብ አለበት፤ የክፍሉ ንጽሕናም ይበልጥ መጠበቅ ይኖርበታል።

መድኃኒትን መቀላቀልና መከፋፈል ያለው አደጋ በሀብታም አገርም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ ትራያምሲኖሎንን ከፀረ ባክቴሪያ ጋር ቀላቅሎ የተዘጋጀ መርፌ ወደ ዓይናቸው የተሰጣቸው ቢያንስ 43 ታካሚዎች ጉዳት እንደደረሰባቸው የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በፓኪስታን ፑንጃብ ግዛት ደግሞ ስቴሮይድ ያልሆነ ሌላ የዓይን መርፌ ከአንድ ብልቃጥ ተከፋፍሎ ተሰጥቶ በርካታ ሰዎች ብርሃናቸውን አጥተዋል። የሁለቱ መድኃኒት ቢለያይም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ወደ ዓይን የሚገባ ነገር ከፋብሪካው ከወጣ በኋላ እጅ በነካው ቁጥር አደጋው ይጨምራል።

ይህ ለእኛ ዛሬ ሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገች በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ዋጋም የዚህ ተጽዕኖ ይደርስበታል። መድኃኒት ሲወደድ ሁለት ፈተናዎች ይመጣሉ። አንዱ ምንጩ ያልታወቀ ርካሽ ብልቃጥ መግዛት ነው። ሌላው ለአንድ ሰው የተሠራውን ብልቃጥ ለብዙ ሰው ማካፈል ነው። ሁለቱም በዓይን ላይ የሚደረጉ ቁማሮች ናቸው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒት ተመዝግቦ፣ ጥራቱ ተረጋግጦ እንዲሰራጭ ያዛል። በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ያለ ማዘዣ አይሸጥም። የስቴሮይድ የዓይን ጠብታም ሆነ መርፌ ከዚህ ክልል አይወጣም። አጠራጣሪ መድኃኒት ያየ ሰው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይችላል። ሕጉ ያለውን ያህል ግን በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ አይታይም። ደንበኛው ለምኖ፣ ባለሙያው አዝኖ የሚሰጠው ጠብታ የኋላ ኋላ ሕፃኑን ዓይነ ስውር ሊያደርገው እንደሚችል ሁለቱም አያስቡትም።

ከአቃቂ እስከ ምኒልክ

በአገራችን በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት፣ ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 የሚሆኑት ዓይነ ስውር መሆናቸውን አሳይቷል። ከመንስኤዎቹ ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ሲሆን፣ ትራኮማ ያስከተለው ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ ደግሞ 5.2 በመቶ ነበር። ከዓይነ ስውርነቱ 87.4 በመቶው ሊወገድ የሚችል ነበር። በሕክምና ምክንያት የሚመጣ ግላኮማ በዚህ «ሊወገድ ይችል ነበር» በሚባለው መዝገብ ግንባር ላይ ሊጻፍ ይገባዋል፤ መንስኤው በእጃችን ያለ ነውና።

እንግዲህ እንዲህ እንበል። በአቃቂ የሚኖር አንድ የቀን ሠራተኛ የአሥር ዓመት ልጁ በየበጋው ዓይኑ እያሳከከው ይቸገራል። ጠብታ ሲገዛለት ሁለት ዓመት ሆኖታል። በመጨረሻ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ሐኪሙ ከላይኛው ቆቡ ሥር መርፌ ይሰጠዋል። ልጁ በሳምንቱ ማሳከኩን ይተዋል፤ ትምህርቱንም በደስታ ይቀጥላል። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ አባት ያመዛዝናል፤ ልጁ ድኗል፤ የቀን ክፍያ ይቀራል፤ ትራንስፖርቱ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀያየርን ይጠይቃል። ቀጠሮው ይቀራል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። የጎደለው የዓይን ግፊት የሚለካ እጅ በአቅራቢያው አለመኖሩ ነው።

አቃቂ ከመሐል አዲስ አበባ በስተደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አካባቢው ጥሩነሽ ቤጂንግ አጠቃላይ ሆስፒታል አለው። ውስብስብ የዓይን ብግነት ግን ብዙ ጊዜ የሚመራው የዓይን ስፔሻሊስቶች ወደሚሰለጥኑበት ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው፤ ይህም በከተማዋ ሌላ ጫፍ ማለት ነው። በአማራ ክልልም ነገሩ ይኸው ነው። ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር ወይም ከደሴ ቦሩ ሜዳ የዓይን ክፍል መርፌ ተሰጥቶት ወደ ቆላ ቀበሌው የተመለሰ አርሶ አደር፣ መኸር ሲደርስ ለግፊት ልኬት ብቻ ሙሉ ቀን መንገድ ይሄዳል ብሎ መጠበቅ ከእውነታው ጋር አይሄድም።

ስለዚህ መፍትሔው ታካሚውን በመውቀስ አያልቅም። መርፌውን መስጠት የስፔሻሊስቱ ሥራ ሆኖ ይቀጥል። ግፊትን መለካት ግን በእጅ በሚያዝ መሣሪያ፣ በሠለጠነ የዓይን ነርስ ወይም ኦፕቶሜትሪስት በአካባቢ ደረጃ ሊሠራ የሚችል ነው። ስፔሻሊስቱ በመልስ ወረቀት ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ የተሰጠበትን ስፍራና ግፊት የሚለካበትን ቀን ቢጽፍ፣ በአቅራቢያ ያለው ተቋም ለክቶ ከፍ ያለውን ብቻ ቢመልስ፣ የሪፈር ሰንሰለቱ ሁለት አቅጣጫ ይኖረዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላትም ከጤና ጣቢያ ጀምረው የሪፈር ወረቀታቸውን ይዘው ቢሄዱ ወጪው አያስፈራቸውም። ለአንድ መለኪያ መሣሪያ የሚወጣው ገንዘብ፣ አንድ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ሳያይ ሲኖር ቤተሰቡና አገሩ ከሚያጡት ጋር ፈጽሞ አይነጻጸርም።

ታካሚው ምን ይጠይቅ? ምንስ ይጠብቅ?

የስቴሮይድ የዓይን መርፌ የታዘዘለት ሰው ሐኪሙን አምስት ነገር ቢጠይቅ ነውር የለበትም። የዓይኔ መቆጣት መንስኤው ምንድን ነው? የዓይኔ ግፊት ዛሬ ስንት ነው? የመድኃኒቱ ስም ማን ነው፣ የትስ ነው የሚሰጠኝ? ለግፊት ልኬት የምመለሰው መቼ ነው? በሌሊት ቢያመኝ የት ልሂድ? መልሶቹን በካርዱ ወይም በደብተር ማጻፍ ይጠቅማል። ከዚህ በፊት ጠብታ ሲጠቀም የቆየ ሰው ባዶውንም ጠርሙስ ይዞ ይሂድ።

መርፌው በሚሰጥበት ጊዜ ዓይኑ ይደነዝዛል፤ ፖቪዶን አዮዲን በተባለ ማጽጃም ይታጠባል። ከዚያ በኋላ በተወጋው ስፍራ ቀይ የደም ምልክት፣ መጠነኛ መቆርቆር፣ ወደ ውስጥ ከተሰጠ ደግሞ ለቀናት በእይታ ላይ የሚንሳፈፍ ጥቁር ነጠብጣብ ማየት የተለመደ ነው። የተለመደ ያልሆነው፣ በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ እየጨመረ የሚሄድ ቅላት፣ ብርሃንን መፍራትና የእይታ መቀነስ ነው። ይህ በዓይን ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ የሚቆጠረውም በሰዓት ነው። ነገ እስኪነጋ፣ ገበያው እስኪያልፍ አይጠበቅም። ለጥቂት ቀናት ዓይንን አለማሸት፣ ከወንዝና ከመስኖ ውኃ መጠበቅ፣ ከአቧራማ ሥራ መራቅም ያስፈልጋል። ራስን በራስ ጠብታ መጨመርም ሆነ የጎረቤት ጠብታ መዋስ አይገባም።

ከሁሉም በላይ ግን ቀጠሮ ሕክምናው ራሱ ነው። በመርፌው ዕለት የተጀመረው ሕክምና የሚያልቀው ግፊቱ ተለክቶ ጤናማ ሆኖ ሲገኝ ነው። የአቃቂ እናት ልጇ ማሳከኩን ስለተወ ብቻ፣ የጎጃም አርሶ አደርም ዓይኑ ስለነጣ ብቻ «ድኛለሁ» ብሎ እንዳይቀር፣ ቤተሰቡ ቀጠሮውን ያስታውስ፤ ጤና ጣቢያውም ደውሎ ይጠይቅ። ስቴሮይድ ሕመሙን በፍጥነት ይወስዳል። ብርሃኑ አብሮት እንዳይወሰድ የሚጠብቀው ግን ያ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ የግፊት ልኬት ነው።